የመስፍኑ እናት በላስ ቬጋስ

ከደሴ ስነሣ የሸኙኝ ሰዎችና የቆሙበት ቦታ ይህ ነው። የቅሬያችን ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘይነብ በሹፌሩ መስኮት አጠገብ ቆመው፣ ዱዓ ሳይደረግ መኪናው እንዳይንቀሳቀስ አንድ እጃቸውን በመስኮቱ አስገብተው መሪውን ይዘው ነበር። እኅቴ ፋጡማ ከኋለኛው ጎማ ዘንድ ሻንጣዬን ተደግፋ ቆማለች፤ ስታለቅስ እንዳትታይ ጎማውን ትመረምራለች። ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ ከሚኒባሱ በር በስተቀኝ፣ በርበሬ የያዘ ፌስታል ታቅፋ። ሌሎቹ የቅሬው ሴቶች ከእነሱ ኋላ በዕድሜ ቅደም ተከተል፣ ከመንገዱ ዳር እስከ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ። ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ ወዲያ ያሉትን አላውቃቸውም፤ ዳቦ የሚጠብቁ ይመስለኛል።

ይህን የምጽፈው ለእነዚሁ ሴቶች ነው። ቅሬ የምንለው፣ አዲስ አበባዎች ዕድር የሚሉት፣ በየወሩ ይሰበሰባል። ከተመለስሁ በኋላ ለእያንዳንዷ ለየብቻ ስነግር የአንዷ ወሬ ከሌላዋ አልገጥም አለ። በአንዱ በር ልጄ ንጉሥ ሆኗል፣ በሌላው በር ታስሯል ተባለ። ወይዘሮ ዘይነብ አንድ ጊዜ ጽፈሽ አንብቢልንና እንረፍ አሉኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ብዙ ዘመን ስለሠራሁ ነገርን በተራው መጻፍ አይከብደኝም። ስሜት መጻፍ ግን አልለመድሁም፤ በመዝገባችን ላይ ለስሜት የሚሆን ዓምድ አልነበረም።

ሰኞ። በማለዳ ተነሣን። ኮምቦልቻ ስንደርስ የወይዘሮ አልማዝ ፌስታል በርበሬ ማፍሰስ ጀመረ። ከሚሴ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ያስነጥስ ነበር። ሹፌሩ መስኮት ክፈቱ አለ፤ ሲከፈት ነፋሱ በርበሬውን አነሣውና የባሰ ሆነ። ሸዋ ሮቢት ለምሳ ስንወርድ ምግብ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሰዎች ዐይናችንን አይተው ለቅሶ ደርሰን የምንመለስ መሰላቸው። ያጽናችሁ እያሉ ወንበር ለቀቁልን፤ አንዲት ሴት ሻይ አዘዘችልኝ። እውነቱን ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም፤ ሻዩን ጠጣሁ።

ማክሰኞ። አዲስ አበባ የወንድሜ ልጅ ቤት ዋልሁ። በርበሬውን በሦስት ከረጢት አድርጋ አሰረችልኝ። ማታ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። ስለ አውሮፕላን የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ጎንሽ የተቀመጠ ሰው ምግቡ ሲመጣለት እንብላ ሳይልሽ ይበላል። እኔ ዳቦዬን ቆርሼ ጎኔ ላለው ሰውዬ ብሰጠው የራሱን ዳቦ አንሥቶ አሳየኝ። ዳቦ እንዳለውማ እኔም አይቻለሁ።

ረቡዕ። አሜሪካ መጀመሪያ በረገጥንበት ከተማ የጉምሩክ ሠራተኛው በርበሬውን ከፈተ፣ አሸተተ፣ አስነጠሰ፣ ዘጋ። ይማርህ አልሁት። ከዚያ ሌላ አውሮፕላን ይዤ ላስ ቬጋስ ገባሁ። እዚያ ሻንጣሽ እስኪመጣ ድረስ ገንዘብሽን የምትጨርሽባቸው የቁማር ማሽኖች ጣቢያው ውስጥ ተደርድረዋል። ሰዎች ገና ከተማዋን ሳያዩ ቁጭ ብለው የማሽኑን ቁልፍ ይመታሉ።

ልጄ ጀማል፣ ሚስቱ ሰዓዳና ልጃቸው ሐናን ተቀበሉኝ። ጀማል በዲቪ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሰዓዳ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ሐናን ደሴን ስትለቅ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አማርኛዋ ከእኛ ጋር ይነሣና መንገድ ላይ እንግሊዝኛ ያሳፍራል። ከበሩ ስንወጣ ሙቀቱ የተከፈተ የዳቦ ምድጃ ሆነብኝ። እኛ ደሴ ጋቢ ለብሰን ፀሐይ እንፈልጋለን፤ እነሱ ከፀሐይ ሸሽተው ቤት ይገቡና ቤቱን ከማቀዝቀዛቸው የተነሣ ጃኬት ይለብሳሉ።

ቤታቸው ሎን ማውንቴን የሚባል ሰፈር ነው። ሐናን ብቸኛ ተራራ ማለት ነው ብላ ተረጎመችልኝና በጣቷ አሳየችኝ። የደሴው ጦሳ ሥር ያደገ ሰው ተራራ ብሎ አይጠራውም። ግን ሜዳ ላይ ብቻውን ስለቆመ ሰፈሩን ሁሉ በስሙ አስጠርቷል።

ሐሙስ። ተኛሁ። ሲመሽ ስነቃ ስለ ሥራው ነገሩኝ። ጀማል ሥራ መለወጡን በስልክ አውቅ ነበር፤ ወደ ምን እንደለወጠ ግን «ስትመጪ ታዪዋለሽ» ብሎ አልፎኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከትልቁ መንገድ ወጣ ብሎ እንደ ጥንት የአውሮፓ ግንብ ተደርጎ የተሠራ አዳራሽ አለ። እንግዶች እየበሉ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ኖረ የተባለ የአንድ መስፍን ሕይወትና አገዛዝ ይታያቸዋል፤ ልጅነቱም፣ ጦርነቱም፣ ሞቱም በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልቃል። እነሱ ዱክ ይሉታል። በእኛ ማዕረግ ራስ ይሆን ይሆናል። ጀማል እዚያ ፈረሶቹን ይንከባከብ ነበር። መስፍን ሆኖ የሚሠራው አሜሪካዊ ወገቡን ታምሞ ሲለቅ የአዳራሹ ባለቤት፣ ዶና የምትባል ሴት፣ ጀማልን ለሁለት ሳምንት ሙከራ ዙፋን ላይ አስቀመጠችው።

በመልኩም በእንግሊዝኛውም አልመረጠችውም፤ የመረጠችው በአቀማመጡ ነው። ታሪኩን የሚተርክ ሌላ ሰው አለ፤ የሚዋጉትም ሌሎች ናቸው። የመስፍኑ ሥራ መቀመጥ ነው። የሞከረቻቸው ሌሎች ሰዎች ዝም ብለው መቀመጥ አልቻሉም። እግራቸውን ያወዛውዛሉ፣ አፍንጫቸውን ይነካሉ። ጀማል ግን በየለቅሶ ቤቱ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ያደገ ልጅ ነው። አንድ ቀን በፈረሶቹ ጋጣ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ አይታው «እንዲህ የሚቀመጥ ሰው የት ነበር?» አለች አሉ።

ሙከራው የሚያበቃው እኔ በምመለስበት እሑድ ነው። ካለፈ ሥራው ቋሚ ይሆናል። ትርኢቱ በቀን በሰባት ሰዓትና በአሥር ሰዓት ስለሆነ ሌሊት ታክሲ መንዳቱን ይተዋል። አሁን ሁለት ሥራ ስለሚሠራ ሐናን አባቷን የምታየው ተኝቶ ነው። ሰዓዳ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው፤ እሱ በሚቀጥለው ክፍል ተኝቶ ነበር።

ዓርብ። ጁምዓ ስለሆነ እነሱ መስጊድ ሄዱ፤ ዓርብ የሰባት ሰዓቱ ትርኢት የለም። እኔ ለእንግዶች የሚሰጠውን የመስፍኑን ታሪክ በመዝገበ ቃላት አነበብሁ። እንግሊዝኛዬ የንባብ ነው። ታሪኩን በአጭሩ ልጻፍላችሁ።

መስፍኑ በአሥራ አንድ ዓመቱ አባቱ ሞቶ ግዛቱን ይወርሳል። አጎቱ ሞግዚት ይሆናል፤ ሞግዚት የሆነ አጎት ምን እንደሚያደርግ በእኛም አገር የታወቀ ነው። ልጁ ሲያድግ አጎቱን ግንብ ውስጥ ይዘጋበታል፤ በየዓመቱ ግን አዲስ ካባ ይልክለታል። ሦስት ወፍጮ ያላት ባል የሞተባት ሴት ያገባል። በጨው ላይ ግብር ይጥላል፤ ሕዝቡ አልጫ ይበላል። ወንዝ ላይ ድልድይ ያሠራል፣ ይወድቃል። እንደገና ያሠራል፣ እንደገና ይወድቃል። በሦስተኛው ድልድዩን ትቶ ጀልባ ይገዛል። ጎረቤቱን መስፍን ሁለት ጊዜ ይወጋል፤ አንዱን ያሸንፋል፣ ሌላውን ጽሑፉ «አልተሸነፈም» ብሎ አልፎታል። በመጨረሻ ግብር ላይ ዓሣ በዝቶበት ይሞታል። ቅጽል ስሙ ደጉ ነው። ደግነቱን ፈልጌ ከካባው በቀር አላገኘሁም።

በአሥራ አንድ ዓመቱ ሥልጣን ይዞ፣ አርባ ዓመት ገዝቶ፣ በስልሳ ዓመቱ ሞተ ይላል። ዘጠኝ ዓመት ጎድሏል። ለጀማል አሳየሁት፤ እሱም ለዶና ነገራት። መስፍኑን ያበጀችው ከብዙ መሳፍንት ቆራርጣ እንደሆነ፣ ዘጠኙ ዓመት ሲሰፋ ወድቆ እንደሚሆን ተናግራ ሳቀች። እናትህን ለቅዳሜ ጋብዛት አለችው።

ቅዳሜ። በአሥር ሰዓቱ ትርኢት ከሐናን ጋር ሄድሁ። አዳራሹን ሳይ ደሴ ያለው አይጠየፍ ትዝ አለኝ። ያም የመኳንንት ግብር የሚበላበት ነበር፤ ግን ስሙ እንደሚለው ድኻ አይጠየፍም ነበር ይባላል። እዚህ ትኬት የሌለውን ይጠየፋሉ። በር ላይ አንዲት ልጅ በሻርፔ ላይ የወረቀት ዘውድ ጫነችብኝ። ዕድሜዬን ሁሉ ሹመት ፈልጌ አላውቅም፤ አውልቄ ለሐናን ሰጠኋት። እሷም ሁለት ዘውድ ደርባ ሽንት ቤት እንሂድ አለች። ስንመለስ ትርኢቱ ተጀምሮ ነበር።

በሩ ሲከፈት በአሸዋ ከተሞላው ሜዳ ማዶ፣ ከፍ ባለ ቦታ፣ ጀማል ቀይ ከፋይ ለብሶ ዙፋን ላይ ተቀምጧል። አባቱን መሰለኝ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አየኝና ተነሣ። ደረቱ ላይ የተሰካው ማይክ ክፍት ስለነበረ «ኖር!» ያለው በአዳራሹ ሁሉ አስተጋባ። እኔም በልማድ ከበሩ ላይ «ኧረ በአላህ፣ ተቀመጥ» አልሁ። እንግዶቹ የመስፍኑ የጦር ጥሪ መስሏቸው ጽዋቸውን አንሥተው «ኖር!» ብለው መለሱ። የባሰው ከዚህ በኋላ ነው። በዚህ ትርኢት መስፍኑ የሚነሣው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ውጊያው እንዲቆም ሲፈልግ ነው። ስለዚህ ሲነሣ ገና ያልተጀመረው ውጊያ አበቃ። መለከት ተነፋ፣ ባለ ጦሮቹ ከፈረስ ወረዱ፣ ያልተዋጋው ሰውዬ ማሸነፉ ታወጀ፣ ያልቆሰለው በቃሬዛ ተወሰደ። ተራኪው ወረቀቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲገልጥ አየሁት። ጀማል እኔ እስክቀመጥ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ጥሩ አድርጌ ነው ያሳደግሁት።

ምግቡን ያመጣልን ብርሃኑ የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ የመስፍኑ አሽከር ሆኖ ነው የሚያስተናግደው። ሐላል ስላልሆነ ዶሮውን ትቶ ድንችና በቆሎ ሰጠኝ።

«እማማ፣ ሹካ የለም» አለኝ። «ፈረንጆቹ ከሩቅ የሚመጡት በእጃቸው ለመብላት ነው።»

ከጎኔ የተቀመጡ ባልና ሚስት በእጅ መብላት ምን ያህል አስደናቂ እንደሆነ አስረዱኝ። እኔም አስደናቂ ነው አልኋቸው። ግን የሚያስታጥባቸው አልነበረም። ብርሃኑን ውሃ ጠየቅሁት፤ በማሰሮ አምጥቶ አፈሰሰልኝ። ባልና ሚስቱ አይተው እጃቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው። ብርሃኑ የአግዳሚውን ሰው ሁሉ አስታጥቦ ሲመለስ በጆሮዬ፣ «እኔ ደሞ አሜሪካ የመጣሁት ከዚህ ለመገላገል ነበር» አለኝ።

እሑድ። ዶና ጀማልን አነጋገረችው። አልተቆጣችም አለ፤ እሱ ግን ከቁጣ የባሰ አድርጎ ነው ያወራው። መስፍኑ ለሊቀ ጳጳሱም እንኳ አይነሣም፣ አንድ ጊዜ ይቅር፣ ሁለተኛ ከተነሣህ ወደ ፈረሶቹ ትመለሳለህ አለችው። እናቱን ማክበሩ ደስ እንዳላትም ነገረችው። ማስታጠቡን ግን በትርኢቱ ውስጥ አስገባችው፤ ብርሃኑ እስከ ዛሬ ይረግመኛል።

ማታ ቤት ልምምድ ጀመርን። ጀማል ሶፋው ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ከመኝታ ቤት እገባለሁ። ይነሣል። እመለሳለሁ፣ እገባለሁ፣ ይነሣል። ሙሉ በሙሉ ባይነሣም እንደሚፈላ ድስት ክዳን ከፍ ይልና ዝቅ ይላል። ሐናን ዳኛ ሆና ቆማለች።

«ባባ፣ ዱክ ስታንድ አፕ አያደርግም» ትለዋለች። «አያቴ፣ እንደገና ካም ኢን አድርጊ።»

ሰዓዳ ጉልበቱ ላይ ትራስ ከመረችበት፤ ትራሱን ይዞ ተነሣ። ሐናን ጭኑ ላይ ተቀመጠች፤ እሷን ታቅፎ ተነሣ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ አልተነሣሁም» አለኝ። «እግሬ ነው።»

ከሰኞ እስከ ረቡዕ። ሙቀት ነበር። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሐሙስ። ሰዓዳ ዕረፍት ስለነበራት፣ እኔም ከአዳራሹ እንድርቅ፣ እኔንና ሐናንን በመኪና ቦልደር ሲቲ የምትባል ትንሽ ከተማ ወሰደችን። ቁማር የተከለከለባት ከተማ ናት። ጸጥ ያለች፣ ዛፍ ያላት፣ ሰው ቀስ ብሎ የሚሄድባት ናት። ደስ አለችኝ። ሰዓዳ ፓርክ አድርጋ ስንወርድ ቁልፉን ውስጥ ረስታ በሩን ዘጋችው። ስልኳም ውስጥ ነው።

አሮጌ ዕቃ የምትሸጥ አንዲት አሜሪካዊት ከሱቋ ደጃፍ ሆና አየችን። ስልክ ደውላ ቁልፍ የሚከፍት ሰው ጠራችልን፣ የቀዘቀዘ ውሃ ሰጠችን፣ ከዚያም ከወንበርዋ ተነሥታ ተቀመጪ አለችኝ። እሷ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። እንዴት ተደርጎ አልሁ፤ እሷም እንዴት ተደርጎ አለች መሰለኝ። ወንበሩን መካከላችን አድርገን ሁለት አሮጊቶች ግማሽ ሰዓት ቆምን። በመጨረሻ ሐናን ተቀመጠችበት። ደሴ ቢሆን መኪናው ዙሪያ ሠላሳ ወንድ ተሰብስቦ ሠላሳ ዓይነት ምክር ይሰጥ ነበር። እዚህ አንድ ሰው መጣ፣ ከፈተ፣ ያለ ምንም ምክር ሄደ። በሥራው ባልደነቅም በዝምታው ተደነቅሁ።

ቤት ስንደርስ ጀማል ወጥ ቤት ውስጥ ከነጫማው ተቀምጧል። ዛሬም ተነሥቷል። ማን መጣ ብለን ጠየቅነው። አያውቃትም። ከአዲስ አበባ ልጆቿን ልትጠይቅ የመጣች አንዲት አሮጊት፣ ነጠላ ለብሳ፣ ከዘራ ይዛ፣ ውጊያው መሀል ላይ ገባች። ውጊያው ቆመ። የሚሸነፈው ሰውዬ አሸነፈ፤ እሱ ለብቻው በጣም ደስ ብሎታል አሉ። ማታ ብርሃኑ ሊያጽናናን መጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ «ግን እማማ፣ ዛሬ ኖር አላለም። ለውጥ አለ» አለ። ሰዓዳ ብቻ ሳቀች፤ ቆይታም መሳቋን ተወችው።

እስከዚያ ድረስ የእኔ መሄድ ነገሩን ይፈታዋል ብዬ ነበር። እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። እኔ ብሄድ ሌላ አሮጊት ትመጣለች።

ዓርብ። ዶና አጎትየውን ሆኖ የሚሠራውን ሰው ዙፋኑ ላይ ሞከረችው። ጆሮውን ሲያክክ ዋለ አሉ። ማታ ለጀማል ደውላ የመጨረሻውን ነገረችው። እሑድ በሰባት ሰዓቱ ትርኢት እናትህ ከፊት፣ መካከል ላይ ትቀመጣለች፤ አንተ ከተቀመጥህ በኋላ ትገባለች። ለእሷ ካልተነሣህ ለማንም አትነሣም፣ ሥራው ያንተ ነው። ከተነሣህ ሰኞ ፈረሶቹ ይጠብቁሃል። ሐሳቡ ደግ ሴት መሆኗን ያሳያል፤ መዝገብ ቤት ሳለሁ እኔም ለሚወድቅ ተማሪ ሁለተኛ ፈተና ስጡት እል ነበር።

አንድ ችግር ነበረ። አውሮፕላኔ የሚነሣው ያኑ ዕለት ነው። ትርኢቱ ሳያልቅ መውጣት አለብኝ። ጀማል ደግሞ የአሥር ሰዓቱም ትርኢት ስላለበት አውሮፕላን ጣቢያ ሊሸኘኝ አይችልም። ስለዚህ መሸኛችን እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ እሱ ዙፋን ላይ እኔ አግዳሚ ላይ ሆነን ነው። እናቱ አገሯ ልትመለስ ስትነሣ ተቀምጦ ማየት አለበት።

ቅዳሜ። ሻንጣ አዘጋጀሁ። ሰዓዳ ለፋጡማ ልጅ ሠርግ የሚሆን ልብስ፣ ለወይዘሮ አልማዝ መነጽር፣ ለወይዘሮ ዘይነብ ኪሳቸው የሚገባ ጃንጥላ ጨመረችልኝ። ጃንጥላው ስጠቀልለው ሁለት ጊዜ ተከፈተ። ማታ ጀማል ከሥራ ሲገባ ሶፋው ላይ ነበርሁ። ጎኔ ተቀመጠ። እንዲሁ ተቀመጥን፤ ሁለታችንም እንችልበታለን።

«ጀማል» አልሁት፣ «እንደምታከብረኝ አውቃለሁ። ማስረጃ አያስፈልገኝም። ነገ ተቀምጠህ አክብረኝ።»

«ሰው ምን ይለኛል እማዬ? እናቱ አገሯ ስትሄድ ቁጭ ብሎ ሸኛት ነው የሚሉት።»

«ማን ነው የሚለው? እዚያ የሚያውቅህ ብርሃኑ ነው። እሱ ደግሞ ምንም ብታደርግ ይልሃል።»

ሳቀ። ከዚያ እግሩን አየ።

«እግሬ እሺ ካለኝ» አለ።

«እግርህን እኔ ነኝ የሠራሁት» አልሁት። «ነግሬዋለሁ።»

እሑድ። በጠዋት ቤቱን ተሰናበትሁ። ሰዓዳና ሐናን ከሻንጣዬ ጋር መኪና ውስጥ ሆነው አዳራሹ ደጃፍ ሊጠብቁኝ ቀሩ። እኔ ብቻዬን ገባሁ። የወረቀት ዘውዱን በዚህ ቀን አልተቃወምሁም፤ ጊዜ አልነበረም።

ዶና በሩ ላይ ቆማ ነበር። አጭር፣ ግራጫ ጸጉር ያላት ሴት ናት፤ ትከሻዬን ያዝ አድርጋ ሂጂ አለችኝ። ገባሁ። ጀማል አየኝ። ትከሻው ከፍ አለ፣ ቀይ ካባው ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ረጋ። እንዳያይብኝ ሻርፔን እያስተካከልሁ ወደ መሬት እያየሁ ሄድሁና ብርሃኑ ባሳየኝ ቦታ፣ ከፊተኛው አግዳሚ መካከል ተቀመጥሁ። ድንች መጣልኝ። ወደ ጎን ገፋሁት።

መስፍኑ አባቱ ሞተበት። አጎቱን ዘጋበት። በጨው ላይ ግብር ጣለ፤ እንግዶቹ ጮኹበት፤ ልጄ ቅንድቡን እንኳ አላነሣም። ድልድዩ ሁለት ጊዜ ወደቀ። የሚገዛ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሕዝብ ምን ያህል እንደሚፈራው ያን ቀን አየሁ፤ ሲጮህ የነበረው ሰው ሁሉ ጀማል ዞር ብሎ ሲያየው ድምፁን ይቀንሳል። ይህ ልጅ ደሴ ሳለ ዶሮ ማረድ ይፈራ ነበር።

ውጊያው ተጀመረ። ባለ ጦሮቹ ሁለተኛውን ዙር ሲጀምሩ ብርሃኑ ከበሩ በኩል ሰዓቱን ነካ ነካ አደረገ። የመሄጃዬ ጊዜ ነው። ዶና ከምሰሶ ጀርባ እጇን አጣምራ ዙፋኑን ታያለች።

ተነሣሁ። የተቀመጥሁት በረጅሙ አግዳሚ መካከል፣ ከጠባቡ ገበታ ጀርባ ስለሆነ እኔን ለማሳለፍ በስተቀኜ ያሉት ሁሉ መነሣት ነበረባቸው፤ ተነሡ። ከኋላቸው ያሉት ፊታቸው ስለተጋረደ ተነሡ። ከእነሱ ኋላ ያሉት ደግሞ እነዚያ የተነሡት ያለ ምክንያት አይደለም ብለው ተነሡ። ማዶ ያሉት ይህን አይተው የታሪኩ ክፍል መሰላቸው መሰለኝ፣ አንዳንዶቹ የወረቀት ዘውዳቸውን እያወለቁ ተነሡ። ብርሃኑ ትሪውን መሬት አስቀምጦ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዶናም ከምሰሶው ጀርባ ወጣች። እኔ ይቅርታ፣ ይቅርታ እያልሁ በጉልበቶች መካከል አለፍሁ።

በሩ ላይ ስደርስ ዞርሁ። ውጊያው አልቆመም፤ ፈረሶቹ ይሮጣሉ። አዳራሹ በሙሉ ቆሟል። ልጄ ብቻ፣ ሁለት እጁን የዙፋኑ ክንድ ላይ አጥብቆ፣ ተቀምጦ ያየኛል።

ወጣሁ።